የሦስተኛው ቀን ፊርማ

አክስቴ ቆጥራ አትጠግብም። በሆስፒታሉ መሣሪያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ሥራ፣ ከላዩ ውሃውንና ሳሙናውን ካነሳንለት፣ መቁጠር ነው። ከኦፕሬሽን ክፍል የወጣ ትሪ ሲመጣላት መቀሱን፣ መቆንጠጫውን፣ የቢላውን እጀታ ትቆጥራለች። ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ደግማ ትቆጥራለች። ከዚያ በሁለት ድርብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በሙቀት መልኩን በሚቀይር ቴፕ አሽጋ፣ ወደ እንፋሎት ማሽኑ ታስገባዋለች። ባልደረቦቿ “ቁጥሬ” ይሏታል። ቤትም ስትመጣ አይለቃትም፤ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ የተሰጣውን ልብስ በዓይኗ ቃኝታ “አንድ ካልሲ ጎድሏል” ትለኛለች።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ይህን ልጽፈው ስጠይቃት “ጻፊው፣ ግን ማሳመር የለም” አለችኝ። እኔ ደግሞ ማሳመር የተማርኩ ልጅ ነኝ። ቃሏን ለመጠበቅ እየሞከርኩ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሆስፒታሉ አዲስ የእንፋሎት ማሽን ሲገዛ ነው። አሮጌው በሩ የሚያለቅስ፣ ሲሞቅ እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርም ነበር። አዲሱ የሚያብረቀርቅ፣ ቁልፎቹ በጣት ሲነኩ የሚበሩ ነው። ስለ አያያዙ የአምስት ቀን ስልጠና ተዘጋጀ፤ የሚሰጠውም አገር ምድሩ ለሽርሽር በሚጎርፍባት በሐይቅ ዳር ከተማ ነው። ከየሆስፒታሉ አንድ አንድ ሰው ብቻ።

ዕድሉ በተራ የደረሰው ለጋሼ ማስመሪያ ነበር። ጋሼ ማስመሪያ በመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ አንጋፋው ናቸው። በደረት ኪሳቸው ሁልጊዜ አንዲት የእንጨት ማስመሪያ አለች፤ ደብተራቸው ላይ ማናቸውንም ነገር ጽፈው ሲጨርሱ ከሥሩ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምሩበታል። ጡረታቸው ዓመት አልቀረውም። የኦፕሬሽን ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ጠርታ ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“እኔ ተምሬ ለማን ልተወው? ቁጥሬ ትሂድ። እሷ ተምራ ታስተምረኛለች።”

“ጋሼ፣ ኧረ ተራው የእርስዎ ነው” አለች አክስቴ።

“ተራዬን ለማን እንደምሰጥ እኔ አውቃለሁ። አንቺ ብቻ በደንብ ጻፊልኝ።” ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ እንደ ማፈር እያሉ ጨመሩ፦ “ያን ውሃም እይልኝ። ሐይቅ በፎቶ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።”

በመሣሪያ ክፍሉ አንድ የቆየ ደንብ አለ። ስልጠና ሄዶ የመጣ ሰው በተመለሰ በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ ባልደረቦቹን ሰብስቦ፣ ቆሞ የተማረውን ያስተምራል። የአንዱ መሄድ የሁሉ መሄድ ነው።

ሻንጣዋን ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ። ሰማያዊ ጥብጣብ ያላትን ሰፊ የጸሐይ ባርኔጣዬን ከልብሷ ላይ ሳኖርላት አየችኝ።

“ይሄ ደግሞ ምንድነው? ልማር ነው እኮ የምሄደው፣ ሙሽራ ልሆን ነው?”

“አክስቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ዞር ዞር በዪ። ሰው ሁኚ።”

“እስካሁን ምን ነበርኩ?” ብላ ሳቀች፤ ግን ባርኔጣዋን አላወጣቻትም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ትጉህ ተማሪ አለፉ። አዳራሹ የሆቴሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፣ ማቀዝቀዣው እስከ ጉልበት ድረስ ያቀዘቅዛል። ስለ ጀርም ዓይነቶች፣ ስለ እጅ አስተጣጠብ፣ ስለ ጓንት ተነገራቸው። አክስቴ አንድም ቃል አላመለጣትም። ለሻይ ሲወጡ ግን በኮሪደሩ ጫፍ ባለች አንዲት መስኮት ሐይቁ ይታያል። በሁለተኛው ቀን ሻይዋን እዚያ ቆማ ጠጣች፤ ቀዝቅዞ እስኪያልቅ ቆመች።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ከሌላ ሆስፒታል የመጣች፣ እሷን የመሰለች የመሣሪያ ሠራተኛ ናት። አክስቴ እስከ ዛሬ “ሳቂታዋ” እያለች ነው የምትጠራት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሳቂታዋ የስልጠናውን ፕሮግራም አልጋዋ ላይ ተኝታ አነበበች።

“ስሚ፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ተግባራዊ ልምምድ፤ ጭነት አጫጫንና የማሽን አነሳስ። አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው በዚህ ሥራ?”

“አሥራ ዘጠኝ።”

“እኔ አሥራ አራት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ማሽን ስንጭን ኖረን፣ ዛሬ ጥቅል እንዴት እንደሚገባ ሊያሳዩን ነው! ሦስት ሰዓት ላይ ጀልባ አለ።”

“አብደሻል እንዴ? አይሆንም።”

“ፈርመን እንወጣለን። አዳራሹ ጥግ የሚቀመጡት ሰዎች ትናንት ምን ያደረጉ መሰለሽ?”

የፊርማው ወረቀት ለቀኑ አንድ ነው፤ ለጠዋት አንድ ሳጥን፣ ለከሰዓት አንድ ሳጥን አለው። በበሩ ጠረጴዛ ላይ ጠባቂ የለውም። አክስቴ የጠዋቱን ፈረመች። ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። የከሰዓቱንም ፈረመች። “እጄ አልተንቀጠቀጠም” አለችኝ ስትነግረኝ። “ቢንቀጠቀጥ ጥሩ ነበር። እንደ ልማዴ አምሮ ተጻፈ።”

ስለዚያ ቀን የነገረችኝ ከዓመት በላይ ቆይታ፣ ቆራርጣ ነው፤ እየነገረችኝም ፊቷን ታዞር ነበር።

ጀልባዋ ነጭ ናት፤ ከፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው ውሃ ይረጨዋል። አክስቴ ከፊት ተቀመጠች። ውሃው ሲረጫት ጮኸች፣ ከጩኸቷም ሳቅ ወጣ፣ ሳቁ ደግሞ አልቆም አለ። ባርኔጣዋን ነፋስ ሲነጥቃት አንድ የማታውቀው አዛውንት ቱሪስት ከኋላ ቀልቦ እጅ ነስቶ መለሰላት። ሐይቁ መሐል ባለችው ደሴት ላይ የጥንት ምሽግ አለ፤ ምሽጉ ውስጥ ግንብ፣ ግንቡ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚጠማዘዝ ጠባብ ደረጃ። ወጣችው። እየቆጠረች ነው የወጣችው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ነው። ከላይ ስታይ ከተማው በሙሉ፣ ጣሪያው፣ መርከቡ፣ ዛፉ፣ ታጥቦ በትሪ ላይ እንደተደረደረ መሣሪያ ያብረቀርቃል። ከሰዓት በኋላ ዓሦች በመስታወት ግድግዳ ውስጥ የሚዋኙበትን ቤት አዩ፤ ከዚያ በውሃው ዳር ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አይስክሬም በሉ፤ ጫማቸውንም አውልቀው እግራቸውን ነከሩ።

“ያን ቀን ማንም አልጠራኝም” አለችኝ። “ቁጥሬ ያለኝ የለም፣ አክስቴ ያለኝ የለም። ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። ከፍቶኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።”

በአራተኛው ቀን ሠልጣኞቹ ስለ አንድ ወረቀት ሲያወሩ ሰማች፤ ምን ወረቀት እንደሆነ ግን አልገባትም። አሠልጣኙን ልትጠይቅ ተነሣች። ልክ በዚያች ደቂቃ ሰውየው የፊርማውን ዝርዝር አንሥቶ “በዚህ ዙር አንድም ሰው አልቀረም፣ ኮራሁባችሁ!” ብሎ አጨበጨበ። ቁጭ አለች። አብራም አጨበጨበች። በአምስተኛው ቀን ስሟ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት ምስክር ወረቀት ተሰጣት።

ሰኞ ጠዋት በመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ወንበር ተደረደረ። አዲሱ ማሽን ተተክሎ ቆሟል፤ የተከለው ባለሙያ አስነሥቶ አሳይቶ ሄዷል። ጋሼ ማስመሪያ ለዚያ ቀን አዲስ ደብተር ገዝተው ከፊት ተቀምጠዋል። አክስቴ ስለ ጀርሙ፣ ስለ እጅ ማጠቡ፣ ስለ ጓንቱ እንደ መምህር አስተማረች። የሦስተኛውን ቀን የማሽኑ ሥዕል ካለባት አንዲት ገጽ ላይ አንብባ አለፈች።

“ባጠቃላይ ከአሮጌው ብዙም አይለይም” አለች። “በሩ ይዘጋል፣ ቁልፉ ይነካል፣ ሲጨርስ ቴፑ ከጠቆረ አለቀ።”

ጋሼ ማስመሪያ እጃቸውን አወጡ። በዚያ ዕድሜያቸው እጅ ማውጣታቸው ሁሉንም አሳቀ።

“ከማሽኑ ጋር አንድ ካርቶን መጥቷል። ውስጡ በወረቀት የታሸጉ ጠፍጣፋ ጥቅሎች አሉበት። እነሱ ምንድን ናቸው?”

ሁሉም ዓይን ወደ እሷ ዞረ። አክስቴ ካርቶኑን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። አላውቅም ማለት ትችል ነበር። ስልክ ደውዬ ልጠይቅ ማለት ትችል ነበር። ግን “አላውቅም” ከሚለው ቃል ኋላ “የት ነበርሽ?” የሚል ጥያቄ ቆሞ ታያት።

“እነሱ ናሙና ናቸው” አለች። “ኩባንያው ለማስታወቂያ የሚልከው። ባይነኩ ይሻላል።”

ጋሼ ማስመሪያ ጻፉ፦ “ካርቶኑ፣ ናሙና፣ አይነካም።” ማስመሪያቸውን አውጥተው ከሥሩ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ካርቶኑንም ራሳቸው ተንጠራርተው ከፍተኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ አዲሱ ማሽን ያለ ዕረፍት ሠራ። አሥራ አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ተደረገ። ቴፑ ሁሉ ጠቆረ። አክስቴ ከመደርደሪያው ሥር ባለፈች ቁጥር ቀና ላለማለት ትታገል ነበር።

ሐሙስ ከምሳ በፊት ስልኳ ላይ ፎቶ ገባላት። ጀልባዋ፣ ሰማያዊው ጥብጣብ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ የምትስቅ ሴት። ራሷን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ወዲያው ሳቂታዋ ደወለች።

“አየሽው? ሙሽራ መስለሽ! ስሚማ፣ ዛሬ እኛ ጋ ጉድ ሆነ። አብራን የሠለጠነች የጎረቤት ሆስፒታል ልጅ ባትነግረኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ለካ በዚህ ማሽን ጠዋት ጠዋት፣ ዕቃ ከመጫኑ በፊት፣ ባዶውን ከአንድ ጥቅል ወረቀት ጋር ማስነሳት አለ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልጠቆረ አየሩ አልወጣም ማለት ነው፤ እንፋሎቱ ጥቅሉ ውስጥ አይዘልቅም። ቴፑ ከላይ ቢጠቁር ዋጋ የለውም። ያን ጊዜ ሐይቅ ላይ ስንስቅ ያስተማሩት ይሄን ነው! እናንተ ጋስ በየጠዋቱ ታደርጋላችሁ አይደል?”

አክስቴ ስልኩን ዘጋችው።

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ወንበር ላይ ቆማ ካርቶኑን አወረደች። ማሽኑን ባዶ አድርጋ አንዱን ጥቅል አስገባች፣ አስነሣችው፣ ከፊቱ ቆማ ጠበቀች። ሲያበቃ ጥቅሉን ፈታ ወረቀቱን አወጣች። ዳር ዳሩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። መሐሉ ላይ ግን መዳፍ የምታህል ገርጣ ያለች ቦታ አለች።

ያንን ወረቀት ብታጥፈው ኪሷ ውስጥ ይገባ ነበር። ይህን አልደበቀችኝም፤ አንዴ አጥፋው ነበር። ለሰኞ ባለሙያ ጠርታ ማሽኑን በሰበብ ብታስጠግን፣ ካርቶኑን “ኩባንያው ደውሎ ነገረኝ” ብላ ብታስከፍት፣ ማንም ምንም አያውቅም። ግን ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት ኦፕራሲዮን አለ። ትሪዎቹ በሩ አጠገብ፣ ቴፓቸው ጠቁሮ፣ ተቆጥረው፣ በጋሼ ማስመሪያ ጽሑፍ “ንጹሕ” ተብለው ተደርድረዋል።

ከምሳ መጀመሪያ የተመለሱት ጋሼ ማስመሪያ ነበሩ። ካርቶኑን መሬት ላይ፣ አክስቴን ከጎኑ ቆማ አገኟት።

“አይነካም አላልሽም እንዴ?”

“ጋሼ፣ ናሙና አይደለም።” ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። “ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ይህን ባስተማሩበት ቀን አልነበርኩም። ፈርሜ ወጣሁ። ጀልባ ላይ ነበርኩ።”

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መብራቱ አነሡት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ብታይ ትድን ነበር። ያየችው ጥፋቱ የራሳቸው የሆነ ይመስል መደንገጣቸውን ነው።

“አራት ቀን” አሉ ቀስ ብለው። “በእጄ ‘ንጹሕ’ እያልኩ ጽፌበታለሁ።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች አክስቴ። መሬት ግን አልተከፈተችም።

“በዪ ነይ” አሉ ጋሼ። “ሲስተር ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።”

ተናገረች። በሲስተር ፊት፣ በሁለት ሐኪሞች ፊት፣ ከምሳ በተመለሱት ባልደረቦቿ ፊት ቆማ፣ ሰኞ ዕለት በቆመችበት ቦታ ማለት ነው፣ ከፊርማው ጀምራ ተናገረች። አንዷ ባልደረባዋ ከኋላ “እኛ እዚህ በእንፋሎት ስንቀቀል እሷ ዓሣ ስታይ ከረመች!” አለች። እውነት ስለሆነ ማንም አልገሠጻትም። ሦስቱ ኦፕራሲዮኖች ተሰረዙ። አርባ ሦስት ጥቅል ተፈታ። አሮጌው ማሽን ከመጋዘን እያጉረመረመ ተመለሰ።

ከሦስቱ ታካሚዎች አንዷ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ያልቀመሰች እናት ናት፤ የኦፕራሲዮን ልብስ ለብሳ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሲስተር “ማሽን ተበላሽቶ ነው” ልትላቸው ነበር። አክስቴ ከኋላዋ ሄዳ “የተበላሸው በእኔ ነው፣ እናቴ” አለች። ሴትየዋ ለአፍታ አየቻት። ከዚያ “ታዲያ አሁን ውሃ ልጠጣ?” አለቻት። አክስቴ ውሃውን ራሷ አመጣችላት። ብርጭቆውን ስትይዝላት ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት በየጠዋቱ ወደ ሥራዋ ከመግባቷ በፊት አሥራ አንዱን ሰዎች ዞራ ታያለች፤ የተኙትን በአልጋቸው፣ የወጡትን በቤታቸው። ቁስላቸውን ለማየት የመጣሁ ነርስ እመስላቸው ነበር ትላለች፤ ይመርቋታል፤ ምርቃቱ እንደ እሾህ ይወጋታል። በአንደኛው፣ ከመሰላል ወድቆ እግሩ በተሰበረ ግንበኛ ላይ፣ ትኩሳት ተነሣ። አምስት ቀን ቆየበት። አክስቴ እነዚያን አምስት ቀናት ማታ ወጥ ቀርቦላት እንጀራ አልቆረሰችም፤ የተሰጣ ልብስም አልቆጠረችም። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ በክራንች ወጣ። ሐኪሙን “በመሣሪያው ይሆን?” ብላ ጠየቀችው። “ላይሆን ይችላል” አላት። ያንን “ላይሆን ይችላል” እስከ ዛሬ ተሸክማዋለች፤ “አይደለም” እንዳላላት ታውቃለች።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት። ምስክር ወረቀቱን ለሲስተር መለሰች። የሦስተኛው ቀን ትምህርት ከሥልጠናው ቦታ በጽሑፍ ሲላክ፣ ስድስቱ ወንበሮች እንደገና ተደረደሩ፤ በዚህ ጊዜ ቆመው ያነበቡት ጋሼ ማስመሪያ ናቸው። አክስቴ ከፊት ተቀምጣ ጻፈች። ሲጨርሱ የራሳቸውን ደብተር አመጡላት። “ካርቶኑ፣ ናሙና፣ አይነካም” የሚለው ላይ ገና አልሰረዙም ነበር።

“አንቺ ሰርዢው” አሉና ማስመሪያቸውን ሰጧት። “ትክክለኛውን ከሥሩ ጻፊልኝ።”

እኔ ይህን ሁሉ ያኔ አላወቅሁም። የማውቀው ባርኔጣዬን አጥባ፣ ተኩሳ፣ “ሁለተኛ እኔ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ” ብላ እንደመለሰችልኝ ነው። ያስቀየምኳት መስሎኝ አለቀስኩ። ዛሬ ነገሩን ሳውቀው ደግሞ “ዞር ዞር በዪ” ያልኩበት አፌ ያፍራል።

ጋሼ ማስመሪያ ጡረታ የወጡት በዚያው ዓመት ነው። በመጨረሻው ቀን ካቦርታቸውን አጥፈው፣ ብዕራቸውንና ደብተራቸውን በፌስታል ከተው ሲያበቁ፣ የማሽኑ ዙር እስኪያልቅ ከአክስቴ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የዚያን ቀን ጠዋት መፈተሻ ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል፤ ግድግዳው ላይ ከሌሎቹ ጋር ተለጥፏል።

“ቁጥሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አሉ። “ውሃውን እይልኝ ብዬሽ ነበር። አልነገርሽኝም።”

አክስቴ አንገቷን ደፋች። “ጋሼ፣ ምን አፍ አለኝ።”

“ተራዬን የሰጠሁሽ ለሁለት ነገር ነው። አንዱን ሳታመጪልኝ ቀረሽ፤ እሱ አልፏል፣ ከፍለሽበታል። ሁለተኛውንም ልታስቀሪብኝ ነው?”

ነገረቻቸው። ዓይኗን ከማሽኑ በር ላይ ሳትነቅል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ውሃው እንዴት እንደሚረጭ፣ ከሩቅ ሰማያዊ መስሎ ሲቀርቡት አረንጓዴ እንደሚሆን፣ ባርኔጣዋ እንዴት እንደበረረች፣ ዓሦቹ መስታወቱ ጋ መጥተው አፋቸውን እንዴት እንደሚከፍቱ። ከመካከሉ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ትውጠዋለች። እሳቸው ደግሞ ስልጠና እንደሚከታተል ሰው ደብተራቸውን ከፌስታሉ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነበር።

“ደረጃው ስንት ነው አልሽኝ?”

“ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። “ከዚያ ጉዞ በትክክል ያመጣሁት እሱን ብቻ ነው፣ ጋሼ።”

ጻፉት። ከዚያ ደረት ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ባዶ ነው። ማስመሪያዋ “ናሙና” የሚለውን ከሰረዘችበት ቀን ጀምሮ አክስቴ ጋ ነች፤ አልጠየቋትም፣ እሷም ለመመለስ አፍራ ቆይታለች። ከካቦርቷ ኪስ አወጣችና ሁለት እጇን ዘርግታ አቀበለቻቸው። ከቁጥሩ ሥር መስመሩን ሲያሰምሩ ማሽኑ ጮኸ፤ አክስቴ ተነሥታ በሩን ልትከፍት ሄደች።